የሳንቃው ጀርባ

በደሴታችን በቺሎዌ ዝናብ እንግዳ አይደለም፤
ሳያንኳኳ ይገባል እንደ ቤተኛ፤ ሲወጣም ስንብት የለም።
ባሌ ኤሌውቴሪዮ ጀልባ ሠሪ ነበረ፣
ካባቱ እጅ መጥረቢያ ተቀብሎ በዚያው የኖረ።
አንድ ልጃችን፣ አቤላርዶ፣
እሱ በሠራት ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዶ
አልመጣም።
ጀልባዋ መጣች እንጂ፤ ባዶዋን፣ አንድ ጭረት ሳይነካት፣
ቤቷን እንደምታውቅ ፈረስ ጌታዋን ጥላ ስትመጣ አየናት።

ከዚያ ወዲህ መጥረቢያውን ከምድጃው ኋላ ሸጎጠ፤
ወንበሩን ወደ መስኮት አዙሮ ተቀመጠ።
“ለምን ፈጠርኸኝ? ራእይህን አሳየኝ” ይላል፤
እኔ ከማጀት ሆኜ፦ “ኤሌውቴሪዮ፣ ማገዶው አልቋል።”
ሁለት ክረምት እንዲህ አለፈ፤ እሱ ከሰማይ ቃል ሲጠብቅ፣
እኔ የልጁን ቦት ጫማ ከዓይኑ ስደብቅ።

ሰው ምን የማይለው አለ! አንዱ “ጹም” ይለዋል፣
አንዱ “ወደ ዋናው ምድር ተሻገር፤ እግዜር እዚያ ይጠራሃል።”
ቄሱ በዓመት አንዴ በጀልባ ሲመጡ ቡራኬ ሰጡት፤
ራእዩን ግን ምን ያድርጉ፣ በሻንጣ አይያዝ፣ አላመጡት።

በነሐሴ አንድ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አፈሰሰ፤
ጠብታው ከጸሎት መሪዋ ከዶኛ ኡርሱሊና ማጅራት ደረሰ።
ጸሎቱን አላቋረጠችም፤ “አሜን” ብላ ስታበቃ
ዞራ ባሌን አየችው፦ “አንተ! ቤትህ መሰላል አለ? ትርፍ ሳንቃ?”

ወጣ። ወዶ አይደለም፤ ኡርሱሊናን እምቢ የሚል ገና አልተወለደም።
የመጥረቢያው ስለት ዝጎ ነበር፤ እጁ ግን የለመደውን አልካደም።
በጣሪያውና በኮርኒሱ መሀል ባለው ጨለማ በደረቱ ገባ፤
እኔ ከታች መሰላል ይዤ ቆምኩ፤ እግሬ ደነዘዘ፣ ሆዴ ባባ።
መዶሻው ዝም አለ።
“ወደቅህ ወይ?” ብዬ ጮህኩ። ማን ይመልስ!

ኋላ የነገረኝ ይህን ነው፤ እኔ አንዲት ቃል አልጨመርኩም፦
“ፋኖሴን ቀና ባደርግ፣ ጣሪያ ውስጥ ነኝ አላልኩም።
ጀልባ ሥር ነኝ አልኩ፤
የተገለበጠች ጀልባ፤ ወደ ዝናቡ ዞሮ ሆዷ፣
ጎድኗ እንደኛ ሥራ ተቆልምሞ፣ ያለ ሚስማር ተጋምዶ ግንዷ።
ያባቶቻችን አባቶች ‘ቤተ ክርስቲያን ሥሩ’ ቢባሉ
ሌላ አያውቁ፤ የሚያውቁትን ጀልባ ገልብጠው ‘ይኸው ጌታ’ አሉ።
ከዚያ የሳንቃውን ጀርባ ነካሁ፤ ሰው የማያየውን፣
አይጥና ጨለማ ብቻ የሚያየውን።
ልስልስ ነበር፣ ሮሴንዳ፤ እንደ ሕፃን ጉንጭ ተልጎ።
ያ ሰው እዚያ ጨለማ ውስጥ የማንን ዓይን ፈልጎ?”

ይህን ብሎ አለቀሰ፤ ሁለት ዓመት ያላለቀሰ ሰው፤
እንባውን ብናኝ በለበሰ እጁ አበሰው።

መልአክ አልወረደም፤ ድምፅም አልተሰማ፤ እናንተም አትጨምሩበት።
ልጄም አልተመለሰልኝ፤ ቦት ጫማው ዛሬም ካልጋው ሥር ነው፣ እንደደበቅሁበት።
ብቻ ማክሰኞ ማለዳ ስነሳ ወንበሩ ባዶ ነበር፤
መዶሻው ይሰማኛል፣ ከወዲያ፣ በዝናቡ መሀል ሲናገር።
“ራእይ” የሚለውን ቃል ካፉ ከሰማሁ ቆየሁ፤
አልጠየቅሁትም። ሲሄድ አየሁ፣ ሲመለስ አየሁ።

የጎረቤታችን ልጅ ሲክስቶ መሰላሉን ይይዝለታል፤
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዓሣ ትቶ ጥያቄ ያጠምዳል።
“ይህ እኮ ከታች አይታይም፤ ለምን ታለሰልሰዋለህ?” ይለዋል።
ባሌ አይመልስም፤ መላጊያውን ያቀብለዋል።

ጣሪያው ዛሬም በአንድ ጥግ ያፈሳል፤ ኡርሱሊና ቦታ ቀይራለች፤
የፍቅፋቂ ጆንያ ተሸክሞ ይመጣልኛል፣ ምድጃዬም ስትነድ ታድራለች።